ለድመት የሚገዛው ሳንባ እውነተኛ ዋጋ

በአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች ሳንባ የሚጠይቅ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ለራሱ ሳይሆን ለድመቱ ወይም ለውሻው ነው። ሻጩ ለሰው ገበታ እንደሚያቀርበው ሥጋ አይጠነቀቅለትም፤ ገዢውም አገላብጦ አያየውም። ከውጭ የሚገባው የድመት ምግብ ዋጋው ለብዙው ቤተሰብ የማይቀመስ በመሆኑ ድመትን ቤት ውስጥ በሥጋ መመገብ ቅንጦት ሳይሆን ያለው አማራጭ ነው። ይህ በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ሳንባው ብቻውን መሰጠቱና ጥሬውን መሰጠቱ ነው። ሁለቱም ወጪ ያስከትላሉ፤ ወጪውን የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ ሳንባውን የገዛው ሰው አይደለም።

ድመት ሥጋ በል ናት። ሥጋ በል መሆን ግን ሳንባ ወይም ቀይ ሥጋ ብቻ መብላት ማለት አይደለም። አይጥ የያዘች ድመት ጡንቻውን፣ ልቡን፣ ጉበቱንና አጥንቱን አብራ ትበላለች። በዚህ መንገድ የምታገኘውን ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን መሥራት አይችልም። የታውሪን እጥረት የድመትን የዓይን ብርሃን እንደሚጎዳ በ1975 እ.ኤ.አ.፣ የልብ ጡንቻን አስፍቶ እንደሚያደክም ደግሞ በ1987 ተመራማሪዎች ይፋ አድርገዋል። የፋብሪካ ምግብ አምራቾች የታውሪኑን መጠን ከፍ ያደረጉትም ከዚያ በኋላ ነው። ቤተ ሙከራ ያለው ፋብሪካ የሳተውን መጠን አንድ ቤተሰብ በግምት ሊያገኘው አይችልም።

የካልሲየሙ ነገርም እንዲሁ ነው። አጥንት በሌለው ሥጋ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ከ15 እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ድመት ግን ሁለቱን በተቀራራቢ መጠን ትፈልጋለች። በሥጋ ብቻ የምታድግ የድመት ግልገል ካልሲየሙን ከራሷ አጥንት ትወስዳለች፤ ከወንበር ላይ ዘልላ ስትወርድ እንኳ እግሯ ሊሰበር ይችላል። ጉበት ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ደግሞ ቫይታሚን ኤ ተከማችቶ የአንገት አጥንቶችን ያጣብቃል።

ጾም ሲገባ ችግሩ ይብሳል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ለድመቷም እንጀራ በሽሮ ይደርሳታል። «ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ለነቀፌታ ቢነገርም በሥነ ምግብ ረገድ ትክክል ነው፤ ድመት መጾም አትችልም። በወጡ ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርትም ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳል። ጾምም ሆነ ፍስክ፣ ቁሌት የገባበት ወጥ የድመት ምግብ አይደለም።

ጥሬ የመስጠቱ መዘዝ ከድመቷ አልፎ በግና ፍየል አርቢው ዘንድ ይደርሳል። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተህዋስ በጥሬ ሥጋ አማካይነት ወደ ድመት ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘች ድመት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል የተህዋሱን እንቁላል መሰል ቅንጣቶች በሚሊዮኖች ከዓይነ ምድሯ ጋር ታወጣለች፤ እርጥብ አፈር ውስጥም ከዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ድመቷ መኖ መጋዘን ውስጥ ከተጸዳዳች ያንን መኖ የበላች እርጉዝ በግ ልትጨነግፍ ትችላለች። ለነፍሰ ጡር ሴት ጽንስም አደጋ ነው።

በቄራ ምርመራ ላይ በሃይዳቲድ የውሃ ከረጢት ምክንያት በብዛት የሚወገዱት ሳንባና ጉበት ናቸው። በሽታው ድመትን ብዙም ባይመለከትም ከድመቷ ሳህን የተረፈውን ጥሬ ሳንባ ውሻ ያነሳዋል፤ ከውሻው ወደ በግ፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። በሰሜን ምዕራብ ኬንያ የሚገኘው ቱርካና በዚህ በሽታ በዓለም እጅግ ከተጠቁ አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ይታወቃል። አደጋው የኋላ ቀር ገበያ ብቻም አይደለም። በዲሴምበር 2024 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት አንዲት የቤት ድመት በቫይረሱ የተበከለ ጥሬ የተርኪ ሥጋ በልታ በወፍ ጉንፋን ሞታለች፤ ምግቡ በፋብሪካ ታሽጎ የተሸጠ ነበር።

የጥሬ ሥጋ ደጋፊዎች መቀቀል ጥቅሙን ያጠፋዋል ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው፤ ሲቀቀል ታውሪኑ ወደ ውሃው ይወጣል። መፍትሔው ግን መረቁን ሳይደፉ ከሥጋው ጋር መስጠት ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ከ2012 ጀምሮ ለውሻና ለድመት ጥሬ ሥጋ እንዳይሰጥ የሚመክረው የሥጋን ጥቅም ክዶ ሳይሆን የጀርሙን ጉዳት መዝኖ ነው።

ለባለቤቶች የሚበጀው መንገድ ውድ አይደለም። ሳንባው ላይ ልብ መጨመር፣ ጉበትን በጥቂቱ ብቻ ማድረግ፣ ሁሉንም እስከ ውስጡ ማብሰል፣ ለአንድ ኪሎ አጥንት አልባ ሥጋ 5 ግራም ገደማ በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት መቀላቀል ይቻላል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ስለሚሰነጠቅ መስጠት አይገባም። ይህም ቢሆን የተሟላ ምግብ ስለማይሆን የታውሪንና የቫይታሚን ጭማሪውን የእንስሳት ሐኪም ሊወስነው ይገባል።

ትልቁ ሥራ ግን የቄራዎች ነው። በምርመራ የተወገደ ሳንባ በጓሮ በር መውጣት የለበትም። ምርመራውን ያለፈው ደግሞ ከልብና ከአጥንት ዱቄት ጋር ተቀቅሎ፣ ታውሪን ተጨምሮበት፣ ታሽጎ ቢቀርብ ዛሬ በርካሽ የሚሸጠው ተረፈ ምርት እሴት ያገኛል። ሳንባ ሲቀቀል ክብደቱ ስለሚቀንስ የኪሎ ዋጋው ውድ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ሽያጩ በኪሎ ሳይሆን ለአንዲት ድመት በሚበቃ የቀን ድርሻ ቢሆን ገዢው በትክክል ማነጻጸር ይችላል። ያን ጊዜ የማብሰያው ወጪ በምርቱ ዋጋ ላይ ይታያል፤ ዛሬ ግን ሳንባው የሚረክሰው የጨነገፈው ግልገል ሂሳብ በአርቢው ላይ ስለሚወድቅ ነው።