የጥበብ ፍቅር ደመወዝ አይሆንም

«ቴአትር ቤታችን የተቋቋመው ለትርፍ አይደለም፤ ታዲያ ሠራተኞቻችን በማኅበር ሆነው የሚከራከሩን ስለ ምንድን ነው?» ብለው የሚያዝኑ አስተዳዳሪዎች አሉ። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ሲመረመር ግን ክብደት የለውም። ቴአትር ቤቱ ትርፍ አለማካፈሉ የተዋናዩን የቤት ኪራይ አይከፍልለትምና።

ለዚህ የአሜሪካ ቴአትር ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። ተዋንያኑ እ.ኤ.አ. በ1913 «አክተርስ ኤክዊቲ» የሚባለውን ማኅበር ባቋቋሙበት ዘመን ለልምምድ ሳምንታት አይከፈላቸውም ነበር፤ ብዙዎቹም የመድረክ ልብሳቸውን የሚያዘጋጁት በገዛ ገንዘባቸው ነበር። አንዱ ለብቻው «አልሠራም» ቢል፤ ቦታውን የሚመኙ ሌሎች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። በ1919 ግን በኅብረት ሥራ አቁመው አንድ ወር ያህል ስለ ጸኑ፤ ባለቴአትሮቹ ማኅበሩን ተቀብለው ለመዋዋል ተገደዱ።

ያን ጊዜ ክርክሩ ከነጋዴ ጋራ ነበር። በኋላ ግን በ1963 በሚኒያፖሊስ እንደ ተከፈተው እንደ ጋትሪ ያሉ፤ ከቲኬት ሽያጭና ከለጋሾች ስጦታ የሚኖሩ፤ ለትርፍ ያልቆሙ ቴአትር ቤቶች በየከተማው ተስፋፉ። እነዚህም በ1966 «ሊግ ኦፍ ሬዚደንት ቲያተርስ» የተባለ የራሳቸውን ኅብረት አቋቁመው፤ ከተዋንያኑ ማኅበር ጋራ ባንድነት መደራደር ጀመሩ።

የስምምነታቸው ብልኅነት እዚህ ላይ ነው። ቴአትር ቤቶቹ በሳምንታዊ የቲኬት ገቢያቸው መጠን በየደረጃው ይመደባሉ፤ ዝቅተኛው ደመወዝም እንደ ደረጃው ይለያያል። ትንሹ የትልቁን ሸክም አይሸከምም፤ ነገር ግን «ትንሽ ነኝ» ብሎ ከተወሰነው በታች ሊከፍል አይችልም። የልምምድ ሰዓት፤ ዕረፍት፤ ጡረታና የጤና መድን ሁሉ በውሉ ይጻፋሉ።

የአስተዳዳሪዎቹም ሥጋት ከንቱ አይደለም። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ቴአትር ቤቶች ከተዘጉ ወዲህ፤ ወጪው ሲንር ተመልካቹ ቶሎ ስላልተመለሰ፤ የሚያሳዩትን ተውኔት የቀነሱ ብዙዎች ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ዳሩ ግን የታሰረው አንበሳ በረኃብ ቢሞት ለማን ይጠቅማል? መድኃኒቱ የሒሳብ መዝገብን ገልጦ መነጋገር ነው። «የለኝም» የሚል አስተዳዳሪ አለመኖሩን በቁጥር ያሳይ፤ «ጨምሩ» የሚል ማኅበርም ቁጥሩን አይቶ ይጠይቅ።

እናንተ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት፤ ነገ የቴአትር ቤት፤ የትምህርት ቤት ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ኃላፊዎች ትሆኑ ይሆናል። በጎ ዓላማ ያለው ድርጅት ሠራተኛውን መሥዋዕትነት ሊለምነው ይችላል፤ ሊያዝዘው ግን አይገባም። ልግሥና ልግሥና የሚሆነው ሰጪው ሲፈቅድ ነውና፤ ፈቃዱም የሚታወቀው በውል ነው።