ካታንጋን በቁጥር አትተኩት

የአዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት አልቆ በሩ ሲከፈት ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼና ጥላ ፎቅ የሚሉት የተመልካች ክፍሎቹ ስሞች ትኬቱ ላይ ታትመው መገኘት አለባቸው። ሜዳው በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣንበት ነው፤ ካታንጋም ስሙን የሚጋራው ጦራችን በተባበሩት መንግሥታት ሥር በዘመተባት ኮንጎ በዚያው ዘመን እገነጠላለሁ ካለች ግዛት ጋር ነው። ወንበር ሲገጠም የድሮው ስም ትርጉም ያጣል የሚሉ አሉ። የሊቨርፑል ደጋፊዎች ቆመው ያዩበት የነበረው ኮፕ ግን እ.ኤ.አ. በ1994 ሙሉ በሙሉ ወንበር ገባለት፤ ከቦር ጦርነት የተወረሰ ስሙን የነካው የለም። አርሰናል እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኤሚሬትስ ሲዛወር የቀድሞ ሜዳውን የሃይበሪን ስሞች ጥሎ ሄደ፤ አራት ዓመት ቆይቶ ኖርዝ ባንክንና ክሎክ ኤንድን መለሰ። ጠንከር ያለው ተቃውሞ የደኅንነት ነው፦ ፖሊስና አምቡላንስ የሚፈልጉት ቁጥር ነው። ልክ ናቸው፤ ቁጥሩ ወንበሩ ላይ ይለጠፍ፣ ስሙ በሩ ላይ ይጻፍ። ስሞቹ ፀሐይ የሚመታውን ደሃና ጥላ የሚገዛውን ባለገንዘብ ያስታውሳሉ የሚለውም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሰውን የለየው የመግቢያው ዋጋ ነው፤ ካታንጋን «ዞን ለ» ብሎ መጥራት ትኬቱን በአንድ ብር እንኳ አያረክሰውም። ስፖንሰር ከመጣም ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ ስሙን ውጤት ማሳያው ሰሌዳ ላይ ይስቀል።