ቀዩ ቀለም የጠፋበት ግጥም

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ግጥም ውበት ሳይሆን ስለ ግጥም ማኖሪያ ነው። ነገሩ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጉዳይ ቢመስልም ለእኔ መነሻው በሞት የተለየኝ አንድ ጓደኛዬ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ሁለታችንም ባሕር ዳር ተማሪዎች ሳለን ጓደኛዬ የእናትና የልጅ ምልልስ የሆነ ረዘም ያለ ግጥም ጻፈ። ልጁ ከጣና ማዶ፣ እናቲቱ ከዘጌ ዳርቻ ሆነው ይነጋገራሉ። «አለ»፣ «አለች» የሚል ቃል አንድም ቦታ አላስገባም፤ የእናቲቱን ስንኞች በቀይ፣ የልጁን በጥቁር ቀለም ለየ። እርሱ ካረፈ በኋላ ለሙት ዓመቱ ግጥሞቹን በአነስተኛ መድበል እንዳሳትም ቤተሰቡ አደራ አሉኝ። ዋናው ፋይል ተበላሽቶ አልከፈት አለ። የተረፈው እርሱ ራሱ በአንድ ወቅት በኢሜይል ገልብጦ የላከልኝ ቅጂ ብቻ ነበር። እርሱንም ስከፍተው የወጣልኝ አማርኛ አልነበረም፤ የላቲን ፊደላት፣ ቅንፍና ነጠብጣብ የተደባለቁበት ትርምስ ነበር።

ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ስፍራ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ከእጃችን ያልወጡት የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ የተቀመጡ እንግዶች ነበሩ። ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው የላቲኑን ፊደል ሲሆን «ሀ» መስሎ የሚታየው ለዓይናችን ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጭምብሉ ይወልቃል። መቀየሪያ ፈልጌ አንድ ሌሊት ከደከምሁ በኋላ ቃላቱ ተመለሱ። ቀዩ ቀለም ግን አልተመለሰም፤ ወደ ኢሜይሉ ሲገለበጥ ቀድሞውኑ ረግፎ ቀርቷል። ሠላሳ ስምንት ስንኞች በአንድ ዓይነት ጥቁር ተሰልፈው ቀሩ፤ የትኛው የእናት፣ የትኛው የልጅ እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም።

መጀመሪያ ላይ የታዘብሁት ጓደኛዬን ሳይሆን ዘመኑን ነበር። ቀይና ጥቁር መለየት በሐይቃችን ዙሪያ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወግ ነውና። በጀልባ ዘጌ ተሻግሮ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው ቁም ጸሐፊው በምን ያህል ጥቂት መሣሪያ እንደሚሠራ ይረዳል፤ መቃ ብርዕ፣ ጥቁር ቀለም፣ ቀይ ቀለም። የምዕራፉ መግቢያና ቅዱሳት ስሞች በቀይ ይጻፋሉ፤ ቃልን ከቃል ሁለት ነጥብ፣ ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር አራት ነጥብ ይለየዋል። (በባንክ ቤት ቀይ ቀለም ጉድለት ነው፤ በብራና ላይ ግን ክብር ነው። ቀን ቀን የምውለው ከመጀመሪያው ጋር ስለሆነ ልዩነቱ ያስገርመኛል።) ይሁንና ቀይ ቀለም ያለቀበት ገልባጭ መጽሐፉን በጥቁር ብቻ ቢገለብጠው ያ ክብር በብራናውም ላይ ይጠፋል። ስለዚህ የጓደኛዬ መድኃኒት ቀዩ ቀለም አልነበረም።

መድኃኒቱ ያለው በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በድጓው ላይ ነው። የዜማ ምልክቶቻችን ከቃሉ በላይ በመስመሮቹ መካከል የሚጻፉ ናቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ከእነርሱም ጋር ረቂቅ ፊደላት ይሰፍራሉ። ምልክቱ ራሱ የሚጻፍ ነገር ስለሆነ ብርዕ የያዘ ሁሉ ሊገለብጠው ይችላል፤ ድምፁ በቀለም ላይ አልተንጠለጠለም። ዩኒኮድም እ.ኤ.አ. በ2005 አሥር የዜማ ምልክቶችን ከፊደላቱ ጋር በመዝገቡ አስፍሯል።

እንግዲህ ማርክዳውን የሚሉት አጻጻፍ ለእኔ አዲስ ያልሆነብኝ በዚህ ምክንያት ነው። ጆን ግሩበር የሚባል አሜሪካዊ፣ አሮን ስዋርትዝ በሐሳብ እያገዘው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ሥርዓት ነው። ጽሑፉ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ ማስጌጫው ከጀርባ አይደበቅም፣ እዚያው ከቃሉ ጋር ይጻፋል። በመስመር መጀመሪያ ላይ መሰላል ካኖርህ ርእስ ነው፤ ሁለት መሰላል ንዑስ ርእስ ነው። ቃልን በአንድ ኮከብ ብታጥረው አጽንዖት፣ በሁለት ኮከብ ብታጥረው ደማቅ ይሆናል። የስልክ ሒሳብ ስንሞላ የምንነካቸው እነዚያው ኮከብና መሰላል ናቸው፤ ለማንም ባዕድ አይደሉም። ፋይሉን የትኛውም ማሽን፣ ኖትፓድም ቢሆን ይከፍተዋል፤ ማስጌጫው ፕሮግራም ባይኖርም ዓይን ያነበዋል።

ለገጣሚ ግን አንድ ወጥመድ አለው፣ ሳልጠቅሰው ባልፍ ይጸጽተኛል። ሥርዓቱ የታሰበው ለስድ ንባብ ነው። መስመር ብትሰብር እንደ ባዶ ቦታ ቆጥሮ ስንኞቹን በአንድ አንቀጽ ያጋጥማቸዋል፤ የሚያከብረው ባዶ መስመርን ብቻ ነው። የመጀመሪያ ሙከራዬ ላይ ቤት የሚመታው ግጥም የአቤቱታ ደብዳቤ መስሎ ወጣ። መስመሩን ለማጽናት በስንኙ መጨረሻ ሁለት ባዶ ቦታ መተው ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የማይታይ ምልክት ነው፤ የሸሸሁት ነገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ኮመንማርክ የተባለው ደንብ በመስመሩ መጨረሻ ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭረት እንድናኖር ይፈቅዳል። ጭረት! ስሙ ራሱ ከድጓው የመጣ ይመስላል። እኔ የምመርጠው እርሱን ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ግጥምን በኮከብና በጭረት ማጨማለቅ ነው» ይሉኛል። የማጨማለቅ ነገር ከተነሳ፣ አራት ነጥብ በመምታት ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ የሚደረድሩት እነርሱ ናቸው። ለዓይን አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ደግሞም ኮከቡ «ይህ የተለየ ነው» ይላል እንጂ ምን እንደሚመስል አይወስንም። ፈረንጆቹ በኮከብ የታጠረውን ቃል አዘንብለው ያትሙታል፤ የግዕዝ ፊደል ግን ዘንበል ያለ ቅርጽ ስለሌለው ኮምፒዩተሩ ገፍቶ ያጋድመዋል፣ ሲያዩትም የሰከረ ይመስላል። እኔ ኮከብ ያለበትን ማተሚያ ቤቱ በቀይ እንዲያወጣው እነግረዋለሁ።

ባለፈው ሰንበት ዘጌ ሄጄ ግጥሙን ለጓደኛዬ እናት አነበብሁላቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲያዳምጡ «ይኼ የኔ ነው፣ እንዲህ ብየው አውቃለሁ» እያሉ ያስቆሙኝ ነበር። «እንደገና በላት እስቲ፣ ልጄ» ሲሉኝም እደግመዋለሁ፤ እርሳቸው የእኔ ነው ባሉት ስንኝ ዳርና ዳር ኮከብ አኖራለሁ። ሠላሳ ሦስቱ በዚህ መንገድ ተለዩ። በቀሩት አምስት ላይ እርሳቸውም ዝም አሉ። በእነርሱ ፊት ሦስት ነጥቡን፣ የጥንቱን የጥያቄ ምልክታችንን፣ አኑሬአለሁ። ማተሚያ ቤቱ ለንባብ ያውካል፣ ይውጣ ብሎኛል። እስካሁን አላወጣሁትም።