ቁጥሩ የሁለት ሰው ነው

በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የበጋ ቅዳሜ መልኩን እየለወጠ ነው። ቀድሞ ከሰል፣ ሥጋና የዛፍ ጥላ ከተገኘ ቀኑ ሙሉ ነበር። አሁን ግን ትንሽ ጀልባ ገዝቶ፣ በተሳቢ ጭኖ፣ ቤተሰቡን ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ፣ ወደ ሌክ አና ወይም ወደ ዲፕ ክሪክ ሐይቅ ይዞ የሚሄድ ወዳጅም ጎረቤትም አለኝ። በዚህ ከልብ ደስ ይለኛል። ልጆች ዓሣ ማጥመድ ይማራሉ፤ አያቶች ነፋስ ይቀበላሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ በየፈረቃው ሲተላለፍ የከረመ ቤተሰብ አንድ ቀን አብሮ ይውላል። ስለ መንገዱ የምጽፈው ይህ ደስታ እንዲሰነብት ስለምፈልግ ነው።

ጀልባውን የሚጎትተው አብዛኛውን ጊዜ ደጅ ላይ የቆመው መኪና ነው፤ ቶዮታ ፎርራነር፣ ሌክሰስ ጂኤክስ፣ ፎርድ ብሮንኮ ወይም ጂፕ ራንግለር። መጠናቸው መካከለኛ ነው፤ ለኮረኮንችና ለጭቃ የተሠሩ ናቸው። አገር ቤት ላንድ ክሩዘር ከምን ዓይነት አረንቋ እንደሚወጣ እያየ ያደገ ሰው እነዚህን መኪናዎች ለማመን አይቸገርም። ስለዚህ ጀልባ ለመግዛት ያሰበ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «መኪናዬ ስንት ይጎትታል?» እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2024 ለተመረተው ፎርራነር መልሱ 5,000 ፓውንድ ነው፤ ወደ 2,270 ኪሎ መሆኑ ነው። ትንሽ ጀልባ ከነተሳቢዋ የዚያ ግማሽ ያህል ብትመዝን ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል። እኔ ግን አላለቀም እላለሁ፤ ምክንያቱም ያ ቁጥር የተለካው ለሁለት ሰው ነው።

በአሜሪካ የመኪና አምራቾች የመጎተት አቅምን የሚለኩበት ጄ2807 የሚባል የጋራ መለኪያ አለ። ቶዮታ ከ2011 ሞዴሎቹ ጀምሮ በመቀበል ቀዳሚው ነበር። ፈተናው ቀላል አይደለም። አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም የሚባለውን የ11.4 ማይል ዳገት በበረሃ ሙቀት፣ ኤሲ እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ከተወሰነው ፍጥነት ሳይወርዱ መውጣትን ይጨምራል። ስለዚህ ሞተሩ ይችላል ሲሉኝ አምናለሁ። በዚያ ስሌት መኪናው ውስጥ የተቀመጡት ግን ሾፌሩና አንድ ተሳፋሪ ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም 150 ፓውንድ፣ ማለትም 68 ኪሎ፣ ተብለው ተይዘዋል። አያት የለችም፣ ኋላ የተቀመጡ ልጆች የሉም፣ የበረዶ ሳጥን የለም፣ ድስትና ከሰል ማንደጃ የለም። የእኛ ቅዳሜ በዚያ ስሌት ውስጥ አልገባም።

የእኛን ቤተሰብ የሚመለከተው ቁጥር ሌላ ቦታ ነው ያለው። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች። የተሳፋሪውና የዕቃው ክብደት ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም ትላለች፤ ሾፌሩም ከድምሩ ውስጥ ነው። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተጨመረ ብረትም ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ተሳቢው በማያያዣው ላይ የሚጥለው ክብደት ነው። የተሳቢው አፍንጫ መኪናው ላይ ያርፋልና ያም ጭነት ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እናስላ። 17 ጫማ የሆነ የአልሙኒየም ጀልባ እንውሰድ። አካሉ 1,200 ፓውንድ፣ ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተሩ 360፣ ቤንዚኑ 150፣ ባትሪው፣ መልሕቁ፣ የነፍስ አድን ሰደርያውና ሌላው ቁሳቁስ 250፣ ተሳቢው ራሱ 700 ይሁን። ድምሩ 2,660 ፓውንድ ነው። አንድ አሥረኛው በማያያዣው ላይ ቢያርፍ 266 ይሆናል። አሁን ወደ መኪናው እንግባ። አባት 180፣ እናት 150፣ አያት 150፣ ሁለት ጎረምሶች 130፣ 130፤ ሰዉ ብቻ 740 ፓውንድ ሆነ። ምግቡ፣ በረዶው፣ ወንበሩና ማንደጃው 200 ይሁን። ባለቤቱ ለጫካ ጉዞ ብሎ ያስገጠመው የፊት ብረትና የጣሪያ መደርደሪያ 300 ይጨምራል። ከ266ቱ ጋር ሲደመር 1,506 ፓውንድ ሆነ። በሩ ላይ የተጻፈው 1,500 ቢሆን መኪናው ሞልቶ አልፏል። የሚጎትተው ግን ከሚችለው ግማሽ በጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ብዙ ቦታ የቀረው መኪና አንድ መንደሪን የሚጨመርበት ቦታ የለውም ማለት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የበረዶው ሳጥንና ወንበሩ ጀልባው ውስጥ ከተሳቢው ጎማ በላይ በደንብ ታስሮ ቢቀመጥ ከመኪናው ላይ ይወርዳል። የጣሪያው መደርደሪያ ለዚያ ቀን ቢፈታ ይቀላል። ጎረምሶቹ ከአጎታቸው ጋር በሌላ መኪና ቢመጡ ከሁሉም ይሻላል። ዋናው ነገር አስቀድሞ መደመር ነው።

እዚህ ላይ ለጫካ የተሠራ መኪና የራሱ ጠባይ አለው። ለድንጋይና ለጉድጓድ እንዲመች ሞላው ለስላሳ ነው፤ ክብደት ኋላው ላይ ሲበዛበት ቁጢጥ ይላል፣ አፍንጫው ቀና ይላል፣ መሪው ይቀላል። ባለቤቱ ደግሞ ትልቅ ጎማ አስገጥሞ መኪናውን ከፍ ካደረገው ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ማርሹ የቀለለ ያህል ይሆናል፤ ሞተሩ ለመሳብ፣ ፍሬኑም ለማቆም ይበልጥ ይደክማሉ። ሁለተኛውን የማነሣው በሥጋት ነው። መኪናው ሲነሣ ማያያዣውም ይነሣል፤ ተሳቢው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያቀናል፤ ክብደቱም ወደ ኋላ ይሸሻል። አፍንጫው የቀለለ ተሳቢ ደግሞ በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ መኪናውን ያስነሣ ሰው ወደ ታች የታጠፈ የኳስ መያዣ ገዝቶ ተሳቢውን ከመሬት ጋር ትይዩ ማድረግ አለበት።

መልክም አያታልለን። ፎርራነር 5,000 ፓውንድ ሲጎትት፣ ከእሱ እኩል ጎምላላ የሚመስለው ብሮንኮ ከራፕተሩ በቀር 3,500 ላይ ይቆማል። ባለ ሁለት በሩ ራንግለር 2,000 ብቻ ነው፤ ከላይ ያሰላናት ጀልባ ለእሱ አትሆንም። ማያያዣውም በራሱ ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ደረጃ 2,000፣ ሁለተኛው 3,500 ፓውንድ ነው። ከመኪናው፣ ከማያያዣው፣ ከኳሱና ከተሳቢው መካከል አነስተኛው ቁጥር የሁሉም ገደብ ይሆናል።

መጎተቱን ሞተሩ ይወጣዋል። የማቆሙ ነገር ግን የሾፌሩም ጉዳይ ነው። የሚንቀሳቀስ ዕቃ የያዘው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ከ55 ወደ 70 ማይል የጨመረ ሰው ፍሬኑ ላይ ከ60 ከመቶ በላይ ተጨማሪ ሥራ ጭኗል። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ሕጉ ተሳቢው የራሱ ፍሬን እንዲኖረው የሚያስገድደው 3,000 ፓውንድ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ትንንሾቹ ጀልባዎች ከዚያ በታች ስለሆኑ ያለ ፍሬን ይሸጣሉ። እኔ ግን ቤተሰብ የሚጭን ሰው ባለ ፍሬኑን እንዲገዛ እለምናለሁ። ለጀልባ ተሳቢ የተለመደው ፍሬን መኪናው ሲቆም ተሳቢው ወደፊት በሚገፋው ግፊት የሚሠራ የዘይት ፍሬን ነው። ወደ ኋላ ሲኬድም ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ እንዲለቀቅ የሚያደርግ አምስተኛ ሽቦ ያስፈልገዋል፤ የአራቱ ሽቦ ሶኬት አይበቃም።

መንገዶቻችንም ይህን ይጠይቃሉ። የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ከ4 ማይል በላይ ይረዝማል፤ መርከብ ለማሳለፍ ከውሃው 186 ጫማ ያህል ከፍ ይላል፤ ዳር ይዞ የሚቆሙበት ቦታ የለውም፤ ነፋሱም ከጎን ይመጣል። እዚያ ላይ ተሳቢ መወዛወዝ ቢጀምር ፍሬን መርገጥም ሆነ ፍጥነት መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል። እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥቶ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው ያለው። ወደ ዲፕ ክሪክ የሚወስደው 68 ቁጥር መንገድ ደግሞ በሳይድሊንግ ሂል በኩል የተራራ ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ የአባይን በረሃ የወረደ ሾፌር ምን መደረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሩ እንዲይዝለት አድርጎ፣ ፍሬኑን ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። አውቶማቲክ ካምቢዮም ማርሽ ይቀነስለታል፤ ይህን ሳያደርጉ ፍሬን ላይ ቆመው የሚወርዱት ፍሬናቸው ሲግል መያዝ ያቅተዋል።

በጀልባ ተሳቢ ላይ ችግር የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከጎማና ከኩሽኔታ ነው። ተሳቢው ዓመቱን አብዛኛውን ቆሞ ስለሚያሳልፍ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ጎኑ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ለተሳቢ የተሠራ ጎማ ብዙ ጊዜ ከ65 ማይል በላይ እንዲሮጥ አልታሰበም። ኩሽኔታው ደግሞ በመንገድ ግሎ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር ውሃ ይስባል፤ ግሪሱ ይበላሻል፤ ከወራት በኋላ አውራ ጎዳና ላይ ይነክሳል። ስለዚህ ውሃው ጋ ስትደርሱ የጎማውን እምብርት በእጅ ዳብሳችሁ እስኪበርድ ጠብቁ፤ የመብራቱንም ሶኬት ንቀሉ።

ውሃው ዳር ላይ የእኛ መኪና ክብሩን ያገኛል። የመውረጃው ሲሚንቶ በአልጌ ይንሸራተታል፤ የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና የረጠበ ጀልባ ይዞ ለመውጣት ሲፍጨረጨር ይታያል። ፎርራነሩ ግን ፎር ዊሉ ገብቶለት በከባዱ ማርሽ ቀስ ብሎ ይወጣል። ደረቅ አስፋልት ላይ ሲደርሱ መልሶ ማውጣት ብቻ ነው። ሆኖም ይህ ጉልበት አያዘናጋን። ተሳቢው ወደ ውሃ ሲገፋ መኪናው ውስጥ ከሾፌሩ በቀር ማንም መኖር የለበትም፤ ልጆችና አያት ቀድመው ይውረዱ። የውሃ ማፍሰሻው ቡሽ መገጠሙን ሁለት ሰው ይይ። የጀልባው የኋላ ጫፍ ውሃ እስኪነካ የፊት ማሰሪያው አይፈታ። ወረፋ በበዛበት ቦታ ላይ ሰው እየጠበቀን ነው ብሎ መጣደፍ ይመጣል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህን ሁሉ እንድንማር የሚያስገድድ ሕግ የለም። ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ሞተር ያለው ጀልባ ለመንዳት የደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ትጠይቃለች፤ ቨርጂኒያም ከ10 የፈረስ ጉልበት ጀምሮ ትጠይቃለች። ጀልባውን እስከ ውሃው ጎትቶ ለማድረስ ግን ተራው መንጃ ፈቃድ ይበቃል። በሌላው ጫፍ የከባድ መኪና ነጂውን ተመልከቱ። ከ2022 ጀምሮ ከተመዘገበ ማሠልጠኛ ሳይማር ለፈተና አይቀርብም። ፈተናው ላይ መኪናውን እየዞረ ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራት፣ ማያያዣና ሰንሰለት በየስማቸው እየጠራ ያሳያል። በትንሹ ተሳቢ ላይ ማንም እንዲህ አይጠይቀንም፤ ነገር ግን ከትንሹ ተሳቢ ፊት የተቀመጡት ልጆቻችን ናቸው።

ደግነቱ ይህ ዕውቀት በመካከላችን ሞልቷል። ከኢትዮጵያውያን መካከል ኑሮውን በከባድ መኪና የሚመራው ብዙ ነው፤ አንዳንዱም አገር ቤት በጅቡቲ መንገድ ላይ ባለ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ነው። እነዚህ ወንድሞችና እኅቶች የክብደት ሚዛኑ በየትኛው የትራክ ማረፊያ እንደሚገኝ ያውቃሉ፤ ሰንሰለት ለምን በማያያዣው ሥር ተጠላልፎ እንደሚታሰር ያውቃሉ፤ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲገፋ መሪው ወዴት እንደሚዞር በእጃቸው ያውቃሉ። ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና የማኅበረሰብ ማዕከሎቻችን ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አላቸው። በሜይ መጨረሻ የበጋው ጉዞ ሳይጀመር አንድ ጠዋት እዚያ እንሰባሰብ፤ ትራክ ነጂዎቹ ያስተምሩን፣ ተሳቢዎቻችንን ይፈትሹልን፣ ወደ ኋላ መንዳትን ያለማምዱን። ጀልባ ያላችሁም፣ ለመግዛት የምታስቡም፣ ከመሸጫው ሰው አስቀድማችሁ ለምታውቁት ትራክ ነጂ ደውሉ። ትራክ የምትነዱ ወገኖቼም፣ ሲደወልላችሁ አንድ ሰዓት ስጡን። ለሙያችሁ ያለኝን አክብሮት ከዚህ በላይ የምገልጽበት መንገድ የለኝም፤ የቤተሰቦቻችንን መንገድ የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ።