አንድ ደቂቃ ሕዋ ለአምስት ጓደኛሞች



እስኪ ስልካችሁን ክፈቱና ጀምራችሁ ያልጨረሳችኋቸውን የኦንላይን ኮርሶች ቁጠሩ። ግራፊክስ፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ኮዲንግ... እኔ በበኩሌ ሦስት አሉኝ። ሰነፎች ስለሆንን አይመስለኝም። ብቻችንን ስለምንጀምር ነው። ብቻውን የጀመረ ሰው መሀል ላይ ቢተወው "የት ደረስክ?" ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ስለዚህ ለሐዋሳ ልጆች ለዚህ ክረምት አንድ ሐሳብ አለኝ። አምስት ሆናችሁ የአንድ ደቂቃ የሕዋ አኒሜሽን ሥሩ።

ለምን ሕዋ? ለጀማሪ ስለሚቀል። ሰው እንዲራመድና እንዲስቅ ማድረግ ከባድ ነው። ሕዋ ላይ ግን የሚያስፈልጋችሁ ኳስ፣ ጨለማና አንድ ብርሃን ነው፤ ፀሐይ። ብሌንደር የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ናሳም የመሬትንና የጨረቃን ምስሎች በነፃ ይሰጣል። ታሪኩም ከእኛው አለ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ተወንጭፋለች። እሷ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስታልፍ ከታች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተራ በተራ ይታዩ፦ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻላ፣ ከዚያ የእኛው ሐዋሳ፣ ከዚያ አባያና ጫሞ።

ለምን አምስት? ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሰከንድ አኒሜሽን 24 ምስል ይፈልጋል፤ አንድ ደቂቃ 1,440 ምስል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ አንዱን ምስል ሬንደር ለማድረግ 5 ደቂቃ ቢፈጅበት፣ ጠቅላላው 120 ሰዓት ነው። አንድ ላፕቶፕ አምስት ቀንና አምስት ሌሊት ሳይጠፋ መሥራት አለበት። መብራት ሲሄድስ? ለአምስት ላፕቶፕ ከተከፋፈለ ግን በአንድ ቀን ያልቃል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው ለካ ለዚህም ይሠራል!

"አምስት ላፕቶፕ ከየት መጥቶ?" የሚል አይጠፋም። ሁለት ካለ ሁለት ቀን ተኩል ይበቃል። ሁሉም ሰው ደግሞ ላፕቶፕ አያስፈልገውም። አንዷ በስልኳ መረጃ ታጣራለች፤ ለምሳሌ በመሬትና በጨረቃ መካከል 30 ያህል መሬቶች መደርደር እንደሚችሉ፣ ሕዋ ላይ ድምፅ እንደማይሰማ። አንዱ ትረካውን በአማርኛና በሲዳምኛ ይቀዳል። ቅርጽ፣ ብርሃንና እንቅስቃሴውን የቀሩት ይካፈሉታል።

ከባዱ ሶፍትዌሩ አይደለም፤ እኛው ነን። ግሩፕ አሳይመንት እንዴት እንደምንሠራ እንተዋወቃለን። አንዱ ሌሊቱን ሲያድር አራቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ይሄ አማና ማጉደል ነው፤ ቀልድ አድርገነዋል እንጂ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር ተስማሙ። አንደኛ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ተገናኝታችሁ እያንዳንዱ የሠራውን ያሳይ። ሁለተኛ፣ መጨረሻ ላይ ከስሙ ጎን የሠራው ሥራ ይጻፍ። ያልሠራ አይጻፍ።

የላትቪያውን ጊንትስ ዚልባሎዲስን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን "አዌይ" የተባለ ፊልሙን ብቻውን ነበር የሠራው። ቀጣዩን "ፍሎው" ግን በዚሁ በነፃው ብሌንደር፣ ከቡድን ጋር ሠራው። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር ያገኘው ይኸኛው ነው። ብቻውን መሥራት የሚችለው ሰው እንኳ ሰው ፈለገ።

የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ወዲያው ሥራ ያስቀጥራል ብዬ አልዋሻችሁም። ግን "ምን ሠርተሃል?" ተብላችሁ ስትጠየቁ የምታሳዩት ያለቀ ነገር ይኖራችኋል። አብሮ መጨረስ የሚችሉ አራት ጓደኞችም ይኖሯችኋል።

በሉ፣ አራቱን ዛሬውኑ ታግ አድርጓቸው። ከክረምቱ በኋላ ሐይቃችንን ከላይ እናየዋለን፣ ኢንሻአላህ!