ዋንጫ በየትኛው መዝገብ ይመዘገባል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚነግድ ሰው የሚያውቀው አንድ ደብዳቤ አለ። ማኅተሙ ደማቅ፣ ቋንቋው ለስላሳ ነው። “የከተማችንን ክለብ ፕሪሚየር ሊግ ለማስገባት” ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ የብር መጠን ይጠይቃል። ነጋዴውም እንደ ዕድር መዋጮ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይቀበላል፣ ይረሳል። ከመጋዘኑ አንድ ኩንታል ስኳር ሲጎድል እንቅልፍ የሚያጣ ሰው፣ ለኳስ የሰጠው ገንዘብ ምን እንደሠራ አይጠይቅም። የዛሬው ጥያቄያችን ይኸው ነው። ለመሆኑ በዚያ ገንዘብ የምንገዛው ምንድን ነው? ዋንጫውስ ቢመጣ በየትኛው መዝገብ ይመዘገባል፤ በሀብት ወይስ በወጪ?

ለመልሱ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአማራ ክልል ተነስቶ ፕሪሚየር ሊጉን ያሸነፈ ክለብ አለ፤ ፋሲል ከነማ። አፄዎቹ በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን በአንድ ነጥብ ልዩነት ለመቀሌ 70 እንደርታ አሳልፈው ሰጡ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ግን በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመሩ በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ። ጎንደር ጨፈረች፤ መጨፈሯም ያንሳት ነበር።

ይሁን እንጂ ያ የድል ዓመት ከገበያ አንጻር ሲታይ እንግዳ ዓመት ነበር። ውድድሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ተካሄደ። በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ሦስት ክለቦች ስላልነበሩ ተወዳዳሪዎቹ 13 ብቻ ሆኑ። ፋሲል ሻምፒዮን የሆነው ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ነው። በአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም በር ላይ የሚሸጠው ትኬት፣ በዙሪያው የሚጠጣው ሻይና ለስላሳ፣ ከየወረዳው ደጋፊ ጭኖ የሚመጣው ሚኒባስ፣ የሚሞላው የመኝታ ቤት፣ ሁሉም በዚያ ዓመት አልነበረም። ክለቡ አልጋና ምግብ እየከፈለ ከአምስት ከተሞች ተንከራተተ፤ የእንግዳውን ገንዘብ የሰበሰቡት አስተናጋጅ ከተሞች ናቸው።

በሌላ በኩል ያው ዓመት ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሱፐርስፖርት በኩል በዲ.ኤስ.ቲቪ የታየበት ነበር። ክለቦቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የተፈራረመው የአምስት ዓመት ውል በወቅቱ 22.5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ተዘግቧል። ይህ ትልቅ ዜና ነው። የኢትዮጵያ ኳስ የሚሸጥ ዕቃ እንዳለው ያን ጊዜ ታወቀ። ነገር ግን ሒሳቡን እናውርደው። በዓመት 4.5 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ይህ ደግሞ የሊጉ ማስተዳደሪያ ሳይነሳለት እንኳ ለ13 ክለብ ቢካፈል ለእያንዳንዱ 350 ሺህ ዶላር አይሞላም። ሠላሳ የሚጠጉ ተጫዋቾችን፣ አሠልጣኞችን፣ ሆቴልንና አውቶቡስን ዓመቱን ሙሉ የሚሸከም ድርጅት በዚህ ብቻ አይኖርም። ቀሪውን ማን ይሞላል? የከተማው አስተዳደር፣ ማለትም የግብር ከፋዩ ገንዘብ፤ ከዚያም ስፖንሰሩ፤ ከዚያም ባለ ደብዳቤው ነጋዴ።

አንዳንዱ “ዋንጫ ከመጣ አፍሪካ አለ” ይላል። የካፍ ትልቁ ገንዘብ የሚጀምረው ግን ከምድብ ድልድል ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2009 ዓ.ም. እዚያ ደርሷል። ፋሲል ሻምፒዮን ሆኖ ሲሄድ የገጠመው የሱዳኑ አል ሂላል ነበር፤ ገና በማጣሪያው ተሰናበተ። የድሉ ዓመት ጎል አዳኝ ሙጂብ ቃሲምም ዋንጫው በተነሳበት ክረምት ወደ አልጄሪያው ጄ.ኤስ. ካቢሊ አቀና።

እንግዲህ ዋንጫ ሀብት ቢሆን ኖሮ ያነሱት ክለቦች ከዓመት ዓመት ሲከብሩ ባየን ነበር። ታሪኩ የሚለው ሌላ ነው። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ፤ በኋላ ወደ መቀሌ ተዛወረ፣ በ2011 ወረደ፣ ዛሬ ስሙ ከትልቁ ሊግ ጠፍቷል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ወሰደ፤ በ2014 ወረደ። በ2010 ጅማን፣ በ2011 መቀሌን ሻምፒዮን ያደረገው አሠልጣኝ ገብረ መድኅን ኃይሌ በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን ለዋንጫ አበቃ። አንድ ሰው ሦስት ክለብ ሻምፒዮን ካደረገ ዕውቀቱ የተቀመጠው በሰውየው ሻንጣ ውስጥ ነው፤ በክለቦቹ ቢሮ ውስጥ አይደለም ማለት ነው። ተጫዋቹም እንዲሁ ነው። የአንድና የሁለት ዓመት ውል የፈረመ ተጫዋች ለክለቡ ቋሚ ሀብት አይሆንም፤ እንደ አላቂ ዕቃ ነው። ውሉ ሲያልቅ ቦርሳውን አንስቶ ይሄዳል፤ ክለቡ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ይገዛል። በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ መወሰኑ ራሱ፣ ክፍያው ከክለቦቹ ገቢ ቀድሞ እንደሮጠ ከበቂ በላይ ምስክር ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ከዚህም የቀረበ ትምህርት አለው። ወልድያ ከደሴ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። በ2009 ዓ.ም. በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የሚጠራ፣ ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ተመረቀላት። ክለቧም ፕሪሚየር ሊግ ላይ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ግን ወረደ። ስታዲየሙ ቀረ፣ ሊጉ ሄደ። የአንድ ባለሀብት ስጦታ የሚያስመሰግን ነው፤ ሰጪው ሲርቅ ወጪውን የሚሸፍን ገቢ ካልተዘጋጀ ግን ሕንፃው ብቻውን ኳስ አይጫወትም። በድርጅት የሚተዳደር ክለብም ዋስትና አይደለም። ዳሽን ቢራ የራሱ ክለብ ነበረው፤ ፕሪሚየር ሊግም ተጫውቷል፤ በ2008 ዓ.ም. ከወረደ በኋላ ፈረሰ። የቦርድ ውሳኔ ያቆመውን ክለብ የቦርድ ውሳኔ ያፈርሰዋል።

ታዲያ ኳስ አይነገድበትም ማለት ነው? አይደለም። አነስተኛ ከበሬታ ያለው ሊግ እንኳ ሥራውን ካወቀበት ያተርፍበታል። በቤልጅግ ዋና ከተማ ብራስልስ ዩኒየን ሴንት ዢልዋዝ የሚባል ክለብ አለ። የመጨረሻውን ዋንጫ ያነሳው እ.ኤ.አ. በ1935 ነበር፤ የእኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ በተመሠረተበት ዓመት መሆኑ ነው። ከዚያ ወረደ፤ 48 ዓመት ከትልቁ ሊግ ርቆ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2018 አዳዲስ ባለቤቶች ገዙት። እነርሱም ስም ያለው ተጫዋች አልገዙም። በአኃዝ መረጃ እየፈተሹ፣ ሌላው ያላየውን ተጫዋች በርካሽ ማምጣት፣ ማሳየት፣ መሸጥ፣ በሽያጩ ሌላ ማምጣት ሆነ ሥራቸው። ቪክቶር ቦኒፌስ የተባለውን ናይጄሪያዊ እ.ኤ.አ. በ2022 ከኖርዌይ አምጥተው በዓመቱ ለጀርመኑ ባየር ሌቨርኩሰን 20 ሚሊዮን ዩሮ ያህል በሚባል ዋጋ ሸጡት። ሸጠው አልደከሙም። በ2021 ወደ ትልቁ ሊግ ተመለሱ፤ በግንቦት 2025 ጌንትን 3 ለ 1 አሸንፈው ከ90 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆኑ። ሜዳቸው ደግሞ አሥር ሺህ ሰው እንኳ አይሞላም።

“እነርሱ አውሮፓ ናቸው” የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እውነት ነው፤ የቤልጅግ ገበያ ለጀርመንና ለእንግሊዝ ጎረቤት ነው። የንግዱ ዘዴ ግን ከእኛ ነጋዴ የራቀ አይደለም። ከባቲ ገበያ ከብት ገዝቶ፣ አድልቦ፣ ማዕከል አድርሶ የሚሸጥ ሰው ይህን ዘዴ አሳምሮ ያውቀዋል። ሀገራችንም ውስጥ ዓይነቱ ታይቷል። ፋሲል ዋንጫ ባነሳበት በዚያው በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ያዘ፤ በተከታዩ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሸጋገረ። ዋንጫው የፋሲል ሆነ፤ በውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው ዕቃ ግን ዋንጫ ካላነሳው ክለብ መጋዘን ነበር። ለገበያ ሰው ከዚህ የበለጠ ምልክት የለም።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ተለያይተው ከ25 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ከተሞች ናቸው። ደሴ ከተማም ወሎ ኮምቦልቻም በከፍተኛ ሊግ ስማቸው ተጠርቷል። ገበያው አለ ማለት ነው። ገንዘቡም ከናካቴው የለም አይባልም። ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ ደረቅ ወደብ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ ያለው ቢ.ጂ.አይ. ለረጅም ዓመታት ስፖንሰር ያደረገው ግን የአዲስ አበባውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ነው። ኩባንያውን መውቀስ አይገባም። ማስታወቂያ የሚሸጥለት ሰው ባለበት ይገዛል፤ እኛ የምንሸጥለት ነገር አላቀረብንም። በ2014ቱ ጦርነት የተዘረፈና የተጎዳ ከተማ ደግሞ የሚያባክነው ካፒታል የለውም። በትምህርት ቤት “የአማራጭ ዋጋ” እንለው የነበረው ይኸው ነው፤ ለአንድ አጥቂ የፊርማ ገንዘብ የተከፈለ ብር ለተዘጋ ሱቅ መክፈቻ ያልዋለ ብር ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ደብዳቤ ሲመጣ ነጋዴው ከመፈረሙ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ የት አለ? ባንክ ያለ ሒሳብ ለማንም አያበድርም፤ ነጋዴውስ ስለምን ይሰጣል?

ሁለተኛ፣ የሰጠሁት መዋጮ ነው ወይስ ድርሻ? ድርሻ ከሆነ በጉባኤ ድምፅ ይኑረው። ሊጉ ራሱ በአክሲዮን ማኅበር እየተመራ ክለቡ በደብዳቤ የሚለምንበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛ፣ ከገቢው ስንት እጁ ለደመወዝ ይሄዳል? ገቢውን በሙሉ ለደመወዝ የሚያውል ድርጅት ለነገ የሚያስቀረው የለውም።

አራተኛ፣ ከ17 ዓመት በታች ስንት ልጅ እያሠለጠነ ነው፤ ውላቸውስ ተመዝግቧል? በእኛ እይታ የክለቡ እውነተኛ ሀብት እነርሱ ናቸው።

በእኛ አስተያየት ሁለቱ ከተሞች ስማቸውንና ማሊያቸውን ለየብቻ ይያዙ፤ ሜዳውንና ማሠልጠኛውን ግን በጋራ ይሥሩ። አንዱ ሌላውን ማሸነፍ መፈለጉ ራሱ ትኬት የሚያሸጥ ስለሆነ ፉክክሩ አይጥፋ። ነገር ግን በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት ግማሽ ሜዳ ከመጀመር አንድ ሙሉ ሜዳ መጨረስ ይሻላል። ትልቅ መሆን የለበትም፤ ሣሩና መብራቱ ደረጃውን የጠበቀ፣ አሥር ሺህ ሰው የሚይዝ፣ በሳምንቱ ቀናት ለትምህርት ቤትና ለድርጅቶች ውድድር የሚከራይ ይሁን። በ2013 ዓ.ም. እንዳየነው ሊጉ የሚሄደው ሜዳ ወዳለበት ከተማ ነው። ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ ያለው ከተማ ክለቡ ሻምፒዮን ባይሆንም የሌላውን ሻምፒዮን አስተናግዶ አልጋውን ያከራያል፣ ምግቡን ይሸጣል። ሜዳ የሌለው ከተማ ግን ክለቡ ዋንጫ ቢያነሳ እንኳ በቴሌቪዥን ነው የሚያየው።

“ኳስ ፍቅር ነው፤ በብር አይለካም” የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ደጋፊው ፍቅሩን በሒሳብ አይስጥ። የክለቡ ቢሮ ግን ፍቅሩን ተቀብሎ በሒሳብ መመለስ አለበት። ፋሲል ዛሬም በትልቁ ሊግ መቆየቱ ከዋንጫው በላይ የሚያስመሰግነው ነው፤ ከእርሱ በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ካነሱት መካከል ደደቢትና ጅማ አባ ጅፋር ይህን አልቻሉምና። የወሎ ባለሀብት የሚገዛው ነገር ካለ ይህንን ጽናት ይግዛ። ዋንጫው በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ሲመጣም የሚቀመጥበት መዝገብ ቀድሞ የተከፈተ ይሁን።