ጣና ዳር ያያችሁትን ንገሯቸው

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ በትምህርት ቤት ጉዞ ሄዳችሁ ጣናን ያያችሁ አላችሁ? አውቶቡሱ በእንጅባራና በዳንግላ አልፎ ባሕር ዳር ይገባል። የባሕር በር ለሌላት አገር ልጅ ዳርቻው ያ ነው። ሻላ በጀልባው ዙሪያ ይንሳፈፋል፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ደግሞ ጉማሬ ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ ያደርጋል። ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ለግጦሽ የሚወጣው ሌሊት ነው። (መምህራን «ከዳር ራቁ!» ብለው የሚጮኹት በከንቱ አይደለም፤ ወደ ውኃው መመለሻውን የዘጋበትን ሰው አይምርም።)

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መንገዱም የሚያሰጋ ሆነ። ጣናን ሳያዩ ያደጉ ልጆች በየቤታችን አሉ። እናንተ ያያችሁት ግን አለ፤ ማታ በእራት ላይ አውሩላቸው። «ጉማሬ ምን ይበላል?» ብላችሁ ጀምሩ። «ዓሣ» የሚል አይጠፋም።